ድምፅ ያልሰጠው ሰው ምን አለ?

በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው ያሰብነው ጥያቄ ከሩቅ አገር የመጣ ነው። ነገር ግን ጥቂት ስንወያይበት በራሳችን አዳራሽ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ጥያቄውም ይህ ነው፦ ሰዎች «እሺ» ወይም «እንቢ» እንዲሉ ተጠይቀው ሳለ ዝም ያለው ሰው ከየትኛው ወገን ይቈጠራል?

ነገሩ የሆነው በብሪታንያ ነው። በዚያ አገር ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ነርሲንግ የሚባል የነርሶች ማኅበር አለ። እ.ኤ.አ. በ1916 የተመሠረተ ሲሆን፣ እስከ 1995 ድረስ አባሎቹ ሥራ ማቆምን እንዳያስቡት የገዛ ራሱ መመሪያ ይከለክል ነበር። እንግዲህ በጠበኝነት የሚታወቅ ማኅበር አልነበረም ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር 2015 ዓ.ም. ሲገባ ግን የኑሮ ውድነቱ ነርሶቹን አስጨነቃቸው። በጥቅምት ወር የዋጋው ንረት ከአንድ ዓመት በፊት ከነበረው 11.1 ከመቶ ደርሶ ነበር፤ በአርባ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ አልታየም። መንግሥት በእንግሊዝ ላሉት ለአብዛኞቹ ነርሶች የጨመረው በዓመት 1,400 ፓውንድ ሲሆን፣ ይህም ከደመወዛቸው በአማካይ ከ5 ከመቶ በታች ነበር። ደመወዝ በስሙ ጨምሮ በገበያ ላይ ግን ቀነሰ። ማኅበሩም ከዋጋ ንረቱ በላይ 5 ከመቶ ይጨመርልን ብሎ ጠየቀ፤ ስላልተሰጠውም አባሎቹን «ሥራ እናቁም ወይስ አናቁም?» ብሎ ድምፅ አስጠየቀ።

እዚህ ላይ ከመካከላችን አንዷ ወዲያው «ነርስ በሽተኛ ጥላ ትወጣለች ወይ?» ብላ ጠይቃለች። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ አልፈነው አንሄድም። ሆኖም ነርሶቹ በሥራ ማቆሙ ቀን የካንሰር መድኃኒት ሕክምናን፣ የኩላሊት እጥበትንና የጽኑ ሕሙማን ክፍልን ሰው እንዲኖርባቸው አድርገዋል። ደግሞም «በሽተኛው የተጐዳው እኛ የወጣን ቀን ብቻ ነው ወይ?» ብለው መልሰው ጠይቀዋል። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ከ40 ሺህ በላይ የነርስ መደብ ሰው አጥቶ ባዶውን ነበር። አንዲት ነርስ ለሦስት ሰው የሚሆን ሥራ ስትሠራ በየቀኑ የሚጐድለውን ማንም አይቈጥረውም። እኛ ይህን ክርክር ጨርሰን ፈረድን አንልም፤ ያሳሰበን ከዚያ ወዲያ ያለው ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውና በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የአገሩ ሕግ ለሥራ ማቆም ድምፅ ሁለት ገደብ አኑሮ ነበር። አንደኛው፣ ድምፅ ለመስጠት መብት ካላቸው አባላት ቢያንስ ግማሾቹ ድምፅ ካልሰጡ ውጤቱ ዋጋ የለውም። ሁለተኛው፣ እንደ ሆስፒታል ባለ የሕዝብ አገልግሎት ከጠቅላላው መቶ ሰው ቢያንስ አርባው «እሺ» ማለት አለበት። ድምፁም የሚሰጠው በወረቀት ነበር። ወረቀቱ በፖስታ እቤት ድረስ ይላካል፤ አባሉም ምልክት አድርጎ በፖስታ ይመልሳል። በስልክ ወይም በሥራ ቦታ መስጠት አይፈቀድም ነበር።

የመጀመሪያው ድምፅ ከመስከረም 26 እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተካሄደ። ወረቀት የተላከላቸው ከ300 ሺህ በላይ ነበሩ። ቈጠራው በየሆስፒታሉ አስተዳደር ለየብቻ ስለነበረ በእንግሊዝ አንዱ ሆስፒታል ገደቡን ሲያልፍ፣ ጎረቤቱ ያለው ድምፅ ሰጪ ጐድሎበት ወደቀ። ካለፉትም መካከል በተመረጡት ሆስፒታሎች ታኅሣሥ 6 እና 11 ቀን ነርሶቹ ወጡ። በእንግሊዝ በማኅበሩ ታሪክ የመጀመሪያው ነበር። በወደቀው ሆስፒታል ያለችው ነርስ ግን ምንም እንኳ እንደ እነዚያው «እሺ» ብላ ብትልክም የሥራ ልብሷን ለብሳ ገባች። እርሷን ያስቀራት የተቃወማት ሰው አልነበረም፤ ፖስታውን ሳይከፍት የተወው ባልደረባዋ ነው።

በመጋቢት ወር መንግሥት አዲስ ሐሳብ አቀረበ፦ ለሚመጣው ዓመት 5 ከመቶ፣ ለተጠናቀቀው ዓመት ደግሞ የአንድ ጊዜ ክፍያ። የዚህ ማኅበር አባላት 54 ከመቶው አልተቀበሉትም፤ 46 ከመቶው ተቀበሉት። ይሁንና በጤና አገልግሎቱ ውስጥ ያሉት ሌሎች ማኅበራት በብዛት ስለተቀበሉት ሚያዝያ 24 ቀን ስምምነቱ ጸደቀ፤ ገንዘቡም በሰኔ ተከፈለ። «እንቢ» ያለችውም ነርስ ተቀበለች። (ይህን ስናነብ አንዱ ወንድማችን «እንቢ ካለች ለምን ወሰደች?» አለ። የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው እንዲህ ብሎ አይጠይቅም ብለን ዝም አሰኘነው።) የመጀመሪያው ድምፅ የሚያገለግለው ለስድስት ወር ብቻ ስለነበረ ማኅበሩ እንደገና አባሎቹን መጠየቅ ነበረበት። ከግንቦት 15 እስከ ሰኔ 16 ቀን ወረቀቱ እንደገና ተላከ። በዚህኛው ጊዜ የእንግሊዝ ቈጠራ ለሁሉም ባንድነት ነበር።

ከተመለሰው ወረቀት 84 ከመቶው «እሺ፣ ሥራ እናቁም» የሚል ነበር። በቍጥር ከ100 ሺህ ሰው በላይ ማለት ነው። ነገር ግን ወረቀቱን የመለሱት ከመቶው 43 ያህል ብቻ ስለነበሩ ሁሉም ፈረሰ። ሥራ ማቆሙ ቀረ።

አበው «ብዙኃን ይመውዑ» ይላሉ። እዚህ ላይ ብዙኃኑ የትኞቹ ናቸው? ነገሩን በመቶ ሰው አሳንሰን እንየው። 36ቱ «እሺ» አሉ፤ 7ቱ «እንቢ» አሉ፤ 57ቱ ምንም አላሉም። ያሸነፉት 57ቱ ናቸው እንዳንል እነርሱ የጠየቁት ነገር የለም። ያልጠየቀ ሰው እንዴት ያሸንፋል?

ለእነዚያ 57 ሰዎች ግን በቶሎ ልንፈርድባቸው አይገባም። አንዷ አሥራ ሁለት ሰዓት ሌሊቱን ቆማ አድራ ስትገባ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አይታ «ነገ» ብላ ተኝታለች። ሌላዋ ቤት ስለቀየረች ፖስታው የሄደው ወደ ቀድሞው በር ነው። ሌላው ገንዘቡ በሰኔ ስለገባለት ጕዳዩ ያለቀ መስሎታል። ሌላው ደግሞ በሥራ ማቆሙ ቀን የሚቈረጥበትን ደመወዝ አስቦ ፈርቷል፤ «እንቢ» ብሎ ጓደኞቹን መቃወምም አሳፍሮታል። ዝምታ አንድ ቃል መስሎ ይሰማል እንጂ በውስጡ ድካምም፣ ፍርሃትም፣ የጠፋ ፖስታም አለ። ሕጉ ግን ሁሉንም ባንድነት ሰብስቦ «እንቢ» ብሎ ተረጐመው።

ከዚህም የባሰ አለ። አንድ ሌላ ቍጥር እናስብ፦ ከመቶ ሰው 42ቱ «እሺ» ቢሉና 7ቱ «እንቢ» ቢሉ ድምር 49 ስለሆነ ግማሽ አልሞላምና ሥራ ማቆሙ ይቀራል። አሁን አንድ ሥራ ማቆምን የሚቃወም ቅን ሰው ከቤቱ ተነሥቶ «እንቢ» ብሎ ወረቀቱን ቢልክ ድምሩ 50 ይሆናል፤ ሥራ ማቆሙም ይጸድቃል! የተቃወመው ሰው ሐሳቡን በግልጽ ስለተናገረ የተቃወመውን ነገር አጸደቀው። ብልጥ ከሆነ ግን ዝም ይላል፤ በዝምታውም ያሸንፋል። ታዲያ እንዲህ ያለ ደንብ ሰውን ምን ያስተምረዋል? ፊት ለፊት ተነሥቶ «አልስማማም» የሚለውን ሰው ይቀጣዋል፤ ከኋላ የሚደበቀውን ይሸልመዋል። ጥቂቶች ብዙዎችን እንዳይጐትቱ ለመጠበቅ ታስቦ የወጣ ነው ይባላል፤ አሳቡም ከንቱ አይደለም። መቶ ሺህ በሽተኛ የሚነካ ነገር በጥቂት ሰዎች ፈቃድ ብቻ እንዲሆን የሚወድ የለም። ነገር ግን ብዙዎች እንዲሳተፉ የሚፈልግ ሰው ፖስታ ከመላክ የተሻለ፣ ለደከመ ሰው የሚቀርብ መንገድ ባልከለከለ ነበር ብለን እናስባለን።

በአገራችን «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚልም አለ። ሁለቱን ምሳሌዎች እንደፈለግን እየቀያየርን ስንጠቀም ኖረናል። ዝም ስንል የመጀመሪያውን፣ ሌላው ዝም ሲል ሁለተኛውን እንጠቅሳለን።

አሁን ወደ ራሳችን ጕዳይ እንምጣ፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣነው በእርሱ ምክንያት ነውና። የአዳራሻችንን ጠባቂ ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፤ አባባ እንላቸዋለን። ሌሊት የሚጠብቁት፣ ጠዋት ወንበር የሚደረድሩት እርሳቸው ናቸው። ወር በገባ የምንሰጣቸው ከእኛው መዋጮ ነው። ዓምና ጤፉም ዘይቱም ሲወደድ «ልጆቼ፣ ይህ ነገር አልበቃ አለኝ» አሉን። እኛም መዋጮአችንን ከ20 ብር ወደ 30 ብር ከፍ አድርገን ልዩነቱን ለእርሳቸው እንስጥ የሚል ሐሳብ አቀረብን። በመተዳደሪያ ደንባችን መዋጮ የሚጨመረው ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ተገኝተው ሲወስኑ ነው። አባላቱ 64 ነን። በመጀመሪያው ስብሰባ 29 መጣን፤ ከሁለት ሰው በቀር ሁላችንም እጃችንን አነሣን፤ ምልዓተ ጉባኤ ስላልሞላ ግን አልተቈጠረም። በሁለተኛው 26 መጣን። በሦስተኛው ዝናብ ነበረ።

እነዚያ ሁለቱ ወንድሞች ምክንያታቸውን ተናግረዋል፤ ተማሪዎች ናቸው፣ ከቤተሰብ ጠይቀው ነው የሚከፍሉት። በእነርሱ ማንም አልተቀየመም፤ እንዲያውም ለተማሪ በ20 ብር ይቅር ብለን ሐሳቡን ያሻሻልነው እነርሱ በመናገራቸው ነው። ካልመጡት 35 ሰዎች ግን ምን እንሻሻል? መዋጮው ይክበዳቸው፣ ሰዓቱ አይመቻቸው፣ ነገሩን አይስሙት አናውቅም። በመካከላችን የሚቀርቡንን ሦስት ሰዎች ጠይቀን ነበር፤ ሦስቱም «እኔማ እስማማለሁ፣ እናንተ ትጨርሱታላችሁ ብዬ ነው» አሉን። በእንግሊዝም ያልተመለሰ ወረቀት ስንቱ «ሌሎቹ ይጨርሱታል» የሚል ይሆን?

ውጤቱን ለአባባ የነገርናቸው ሦስት ሆነን ሄደን ነው። ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። እንዳልተወሰነ ስንነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፦

«ማነው እንቢ ያለው?» አሉን።

«እንቢ ያለ እንኳ የለም አባባ፤ ሁለት ብቻ ናቸው፣ እነርሱም በምክንያት ነው።»

«ታዲያ እሺ ካላችሁ ምን ቀረ?»

ስለ ግማሽና ስለ ምልዓተ ጉባኤ ልናስረዳቸው ሞከርን። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙን። ከዚያም «እንቢ ያለኝ ሰው ቢኖር ሄጄ እለምነው ነበር» ብለው ቍልፉን ይዘው ተነሡ፤ የመብራቱ ሰዓት ደርሶ ነበር።

አራተኛው ስብሰባ በሚመጣው እሑድ ከትምህርት በኋላ ነው። የማይመች ሰዓት ከሆነ ከዚያ በፊት ለጸሐፊው ይነገር። የማይስማማም ይምጣና እንዳልተስማማ ይንገረን፤ አባባ በዚያ ቀን ወንበር የሚደረድሩት ለ64 ሰው ነው።