የማን ወጪ ነው የሚቆጠረው?

በየመኝታ ክፍሉና በየሻይ ቤቱ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ለማኔጅመንት አካውንቲንግ የትኛው መጽሐፍ ይሻላል?» የሚል። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው አጭር መልስ ነው። የደራሲውን ስምና ፎቶ ኮፒው የት እንደሚገኝ ከነገሩት አመስግኖ ይሄዳል። እኔ ግን ነገሩ እንዲህ በዋዛ የሚታለፍ አይመስለኝም። ይሻላል ስንል ለምን ነው የሚሻለው? ፈተና ለማለፍ? ሥራ ለመያዝ? ወይስ ነገ ቢሮ ተቀምጠን በሰው ላብ ላይ ስንወስን በቅን እንድንወስን? «የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሆነህ የወጪና የገቢ ነገር ምን አገባህ?» የሚለኝ አይጠፋም። የሚያገባኝ ጉዳዩ የመጽሐፍ ጉዳይ ስለ ሆነ ነው። መጽሐፍ ቁጥር ቢሞላውም ያው መጽሐፍ ነው፤ የሚናገረው አለ፣ ዝም ብሎ የሚያልፈውም አለ።

በአገራችን የቀድሞ ትምህርት ተማሪ የሚመርጠው መምህሩን ነበር። ድጓ የፈለገ ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ወደ ዙር አባ፣ አቋቋም የፈለገ ወደ ጎንደር በአታ ስንቁን ቋጥሮ ይሄዳል። መጽሐፉ የጎደለው ቢኖር የሚሞሉት የኔታ ናቸው። የእኛ ነገር ተገላቢጦሽ ሆነ። መምህሩ ሰሌዳውን ሞልቶ ከወጣ በኋላ ሌሊቱን ከእኛ ጋር የሚያድረው መጽሐፉ ብቻ ነው። እንግዲህ መጽሐፍ መምረጥ መምህር እንደ መምረጥ ሆኗል ማለት ነው።

ለመሆኑ ትምህርቱ ራሱ ምንድን ነው? ሉካ ፓቾሊ እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ያስረዳው የዴቢትና የክሬዲት አያያዝ የሆነውን መዝግቦ የሚያስቀምጥ ነው። በዚያ ላይ ተመሥርቶ ለባንኩ፣ ለግብር ሰብሳቢውና ለባለ አክሲዮኑ ዓመታዊ መግለጫ ይቀርባል። የሥራ አመራር ሒሳብ ግን ፊቱን ወደ ውስጥ ያዞራል። ምን ላምርት? በስንት ልሽጥ? የትኛውን ክፍል ልዝጋ? እያለ ለሚጨነቀው ለወሳኙ ሰው የሚሠራ ነው። ውሳኔ ባለበት ደግሞ የሚጠቀምም የሚጎዳም ሰው አለ።

ምሳሌ ላንሣ፤ ቁጥሩ ለስሌት እንዲመች እኔው ያስቀመጥኩት ነው። አንዲት እናት እንጀራ ጋግረው ይሸጣሉ። የአንዱ መሸጫ 20 ብር ነው። ጤፉ፣ መብራቱና ማመላለሻው ለአንድ እንጀራ 15 ብር ይፈጃል፤ ከጋገሩ የሚወጣ፣ ካልጋገሩ የማይወጣ ስለ ሆነ ተለዋዋጭ ወጪ ይባላል። የቤት ኪራዩ በወር 6,000 ብር ነው፤ ጋገሩም አልጋገሩም ይከፈላል፤ ቋሚ ወጪ ማለት እሱ ነው። እያንዳንዱ እንጀራ ለኪራዩ 5 ብር ስለሚያዋጣ በወር 1,200፣ በቀን 40 እንጀራ ሲሸጡ ትርፍም ኪሳራም የለም። እሳቸው የሚሸጡት በቀን 60፣ በወር 1,800 ነው። ስለዚህ 3,000 ብር አተረፉ።

አሁን አንድ ሆቴል ይመጣና «በቀን 20 እንጀራ ይጨምሩልኝ፤ የምከፍለው ግን 17 ብር ነው» ይላቸዋል። ይቀበሉ ወይስ ይተዉት? መጽሐፎቻችንን በዚህች ጥያቄ እንፈትናቸው።

የመጀመሪያው ዓይነት መጽሐፍ 6,000ን ለ1,800 አካፍሎ 3 ብር ከ33 ሳንቲም ያገኛል፤ በ15 ላይ ይደምረውና «አንዱ እንጀራ 18 ብር ከ33 ሳንቲም ይፈጃል፤ በ17 መሸጥ ኪሳራ ነው» ብሎ ይዘጋል። ቀመሩን ሰጠ፣ ምክንያቱን ግን አልሰጠም። ኪራዩ እኮ ሃያው እንጀራ ቢጨመርም ባይጨመርም ያው 6,000 ነው! ይህን መጽሐፍ የሸመደደ ሰው ፈተና ያልፍ ይሆናል፤ ሴትዮዋን ግን ገበያ ያሳጣቸዋል።

ሁለተኛው መጽሐፍ «በውሳኔው ምክንያት የሚለወጠውን ብቻ ቁጠር» ይላል። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆን ሞሪስ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1923 ባሳተመው መጽሐፍ ወጪ እንደ ዓላማው የተለያየ መሆኑን አስረድቶ ነበር። ቻርልስ ሆርንግረንም በ1962 ባወጣው የታወቀ የኮስት አካውንቲንግ መጽሐፉ ይህንኑ ሐሳብ የክፍል ትምህርት አደረገው። በዚህ መንገድ ስናሰላ ከ17 ላይ 15 ሲቀነስ 2 ብር ይተርፋል፤ በቀን 40፣ በወር 1,200 ብር። ስለዚህ ይቀበሉ! ይህ ጥሩ መጽሐፍ ነው፤ ማሰብ ያስተምራል።

ሦስተኛው ግን እዚህ ላይ ብዕሩን አያስቀምጥም። ለመሆኑ ሃያው እንጀራ በማን ጉልበት ነው የሚጋገረው? እስካሁን ድረስ የእናትየው ድካም በሒሳባችን ውስጥ ዜሮ እንደ ነበር ልብ በሉ። ለጋጋሪ በወር 4,000 ብር ይከፍሉ ቢሆን ኖሮ የ3,000 ብሩ ትርፍ የ1,000 ብር ኪሳራ ይሆን ነበር። ትርፍ ብለን የጠራነው ለካ ደመወዛቸው ነው፤ ያውም የጎደለ ደመወዝ። ሃያውን ለመጨመር ልጃቸው ጧት ጧት ከትምህርት ቤት የምትቀር ከሆነ ደግሞ 1,200 ብሩን የከፈለችው እሷ ናት።

ይህ ከውጭ የመጣ ስብከት አይደለም። ትምህርቱ ራሱ ኦፖርቹኒቲ ኮስት የሚል ስም አለው፤ አንዱን ስንመርጥ የሚያመልጠን የሌላው ጥቅም ማለት ነው። በመዝገብ አይሰፍርም፤ በውሳኔ ጊዜ ግን መቆጠር አለበት። የመጽሐፎቹ ልዩነት ይህን ቃል በሁለት መስመር ፈትቶ በማለፍና እስከ ሰው ሕይወት ድረስ ተከትሎ በመሄድ መካከል ነው።

«ሒሳብ ሒሳብ ነው፤ ግብረ ገብ ሌላ ክፍል ሂደህ ተማር» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። መልሴ አጭር ነው፤ መደመርና መቀነስ የሚጀመረው ምን እንደሚቆጠር ከተወሰነ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ቶማስ አፍሌክ የተባለ ሰው በአሜሪካ ለእርሻ ጌቶች የሚሸጥ የሒሳብ መዝገብ አሳተመ። በመዝገቡ ውስጥ በባርነት የተያዙት ሰዎች በየስማቸው የሚዘረዘሩበት፣ በዓመቱ መጀመሪያና መጨረሻ ያላቸው ዋጋ የሚጻፍበት ሠንጠረዥ ነበር። ሰው እንደ ማሽን ዋጋው ሲጨምርና ሲቀንስ ይሰላ ነበር ማለት ነው። የታሪክ ተመራማሪዋ ኬትሊን ሮዘንታል በ2018 ባሳተመችው መጽሐፍ እነዚህን መዛግብት መርምራ ጌቶቹ የተራቀቀ የሒሳብ አያያዝ እንደ ነበራቸው አሳይታለች። ድምሩ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ግፉ የተፈጸመው ድምሩ ከመጀመሩ በፊት፣ ዐምዱ ሲሰመር ነው።

ይህን ስል ግን ስሌቱን ንቆ ስለ ፍትሕ ብቻ የሚያወራ መጽሐፍ ይበልጣል ማለቴ አይደለም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ነው ነገሩ። ተለዋዋጩን ከቋሚው መለየት ያቃተው ሰው እንጀራውን በ14 ብር ሸጦ ደግ የሠራ ሊመስለው ይችላል፤ በወሩ መጨረሻ ቤቱን ይዘጋል። ልብ ያለ ስሌት ማንንም አያበላም።

ታዲያ ምን እናድርግ? አንድ መጽሐፍ እጃችሁ ሲገባ መቅድሙን ተዉትና ስለ ውሳኔና ወጪ የሚያወራውን ምዕራፍ ግለጡ። የተሠሩ ምሳሌዎች ደረጃ በደረጃ አሉት? በእርሳስ የምትሠሩት በቂ መልመጃ፣ የምታመሳክሩት መልስስ አለው? ስሌቱ ከየት እስከ የት ብቻ እንደሚሠራ ይናገራል? በቀን ሦስት መቶ እንጀራ ሲሆን ሌላ ምጣድ ያስፈልጋልና ቋሚ ያልነው ወጪ ቋሚ አይሆንም። ደግሞስ ውሳኔው የማን እንደ ሆነ፣ ማንን እንደሚነካ አንድ ቦታ እንኳ ይጠይቃል?

የእትም ቁጥር ብዙ አያስጨንቃችሁ። ቶማስ ጆንሰንና ሮበርት ካፕላን እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጡት መጽሐፍ እንደ ተከራከሩት፣ ያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የሥራ አመራር ሒሳብ ዘዴ ከሞላ ጎደል እስከ 1925 ድረስ ተፈልስፎ ያለቀ ነው። ስለዚህ ለመሠረቱ አሮጌ እትም ይበቃል። የጋራ ወጪን በየሥራው ዓይነት ስለ ማከፋፈል ከ1980ዎቹ ወዲህ የመጣውን ለመማር ብቻ አዲሱን ፈልጉ።

የመጨረሻው ፈተና ግን በመጽሐፉ ውስጥ አይገኝም። ብዙዎቹ መጻሕፍት በእንግሊዝኛ የተጻፉ፣ ምሳሌያቸውም በዶላር የሚቆጠር የሩቅ ፋብሪካ ነው። ኦቨርሄድ የሚለውን ቃል መቶ ጊዜ ጽፈን በአማርኛ አስረዳ ስንባል የምንተባተበው ለዚህ ነው። አንድ ምዕራፍ ስትጨርሱ መጽሐፉን ዝጉና እንጀራ ለሚሸጡልን እናት በአማርኛ አስረዱ። ከገባቸውና «የኔ ድካምስ የት ገባ?» ብለው ሲጠይቁ መልስ ካላችሁ፣ መጽሐፉ አስተምሯችኋል። መልስ ካጣችሁ ሌላ መጽሐፍ ፈልጉ። የአካውንቲንግ ተማሪዎች በዚህ የማትስማሙ ካላችሁ፣ በሚቀጥለው እትም ብትጽፉበት ክርክሩ ለሁላችንም ይጠቅማል።