የተገፋው ሰዓት

የአሜሪካ ተከታታይ ድራማዎች ለፈረንጆች ገና ብለው የሚያዘጋጁት ክፍል አላቸው። ብዙውን ጊዜ በረዶ ይወርዳል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ የራቀ ወገን በር ያንኳኳል። ደስ ይላል፤ በማግስቱ ይረሳል። ከነዚህ ሁሉ እኔ የምመርጠው ሐኪሞቹ የተሸነፉበትን አንዱን ነው።

«ማሽ» የኮሪያ ዘማች የሆነ የአሜሪካ ጦር ተንቀሳቃሽ ሆስፒታል ታሪክ ነው። ጦርነቱ ያየው ሦስት ገና ብቻ ነው፤ ድራማው ግን በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1972 እስከ 1983 ስለታየ ገናን ደጋግሞ አክብሯል። በዲሴምበር 1980 የቀረበው ክፍል ርዕስ «ሞት ፈቃድ ሲወጣ» እንደማለት ነው። ያዘጋጀው ማይክ ፋረል፣ ሐኪሙን ቢጄን ሆኖ የሚጫወተውም እሱ ነው።

በገና ዕለት አድፋጭ ተኳሽ የመታው ወታደር ይመጣል። አይድንም። ቢጄ ግን ሰውየው ሚስትና ልጆች እንዳሉት ሲያውቅ ቢያንስ እኩለ ሌሊትን እንዲያልፍ ይወስናል፤ ልጆቹ ገና በመጣ ቁጥር የአባታቸው ሙት ዓመት እንዳይሆንባቸው። ሐኪሙ ሆውካይና ዋና ነርሷ ማርጋሬት አብረውት ይቆማሉ። ሌላው ሰው ግብዣ ላይ ነው፤ ሦስቱ አንዲት ትንፋሽ ሲጠብቁ ያመሻሉ። ሰውየው እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ያርፋል። ይሄኔ ሆውካይ ወደ ሰዓቱ ሄዶ ቆጣሪውን በእጁ ይገፋል። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ሞት የ26ኛው ቀን ሞት ሆነ።

ይህ ምን ይባላል? ምሕረት ወይስ ሐሰት?

መጀመሪያ ለሐኪሞቹ ልሟገት። እኩለ ሌሊት ላይ ቀን ይለወጣል ያለው ሰው ነው። በእኛ አቆጣጠር ያ ሰዓት ከሌሊቱ 6 ነው፤ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነው። በዚያው ጦርነት የኛው ቃኘው ሻለቃ ተሰልፎ ነበር። እ.ኤ.አ. የ1951 ዲሴምበር 25 ለቃኘው ወታደር ታኅሣሥ 15 ቀን 1944 ዓ.ም. ነው፤ ቂርቆስ፣ ያውም ጾም። በአንድ ግንባር፣ በአንድ ሌሊት የሚወድቁ ሁለት ሰዎች አንዱ በበዓል ሌላው በጾም ሞቱ ይባላል። እንግዲህ ቀን ስምምነት ከሆነ ሆውካይ የነካው ስምምነቱን እንጂ እውነቱን አይደለም። ሰውየው አልሞተም አላለም።

ሙግቱ ጥሩ ነው፤ እኔን ግን አያሳምነኝም። ገንዘብም ስምምነት ነው፤ የሐሰት ብር የሚያትም ግን ይታሰራል። የሞት መዝገብ የሚታመነው ጸሐፊው የተመኘውን ሳይሆን ያየውን ስለሚጽፍ ነው። ዛሬ ለርኅራኄ የተገፋ ቆጣሪ ነገ ለውርስ ይገፋል። በዚያው ክፍል ቻርልስ ዊንቸስተር የተባለው ሐኪም ለወላጅ አልባ ሕፃናት በስውር ውድ ቸኮሌት ይሰጣል፤ ኋላ መሸጡን ሰምቶ ይቆጣል፤ በገንዘቡ ለተራቡት ሩዝና ጎመን መገዛቱን ሲሰማ ደግሞ ያፍራል። እውነቱን ያላወቀ ደግነት የት እንደሚያርፍ ድራማው ራሱ ያሳያል።

እኛ ለእንዲህ ያለው ጭንቅ መርዶ አለን። ሞቱ በሌሊት በስልክ ቢሰማም ለባለቤቱ በሌሊት አይነገርም። ዘመድ ይመካከራል፤ በዓል ከሆነ በዓሉ ይለፍላት ይባላል። አንድ ዓመት የገና ማግስት ንጋት ላይ ለጎረቤታችን መርዶ ሊነግሩ ከሄዱት ጋር ነበርኩ። በሩን ስትከፍት ፊታችንን አላየችም፤ እግራችንን ቆጠረች። ስምንት ሰው በዚያ ሰዓት ለደህና አይመጣም። ካለቀሰች በኋላ ቀና ብላ «መቼ?» አለች። ሽማግሌው «በዋዜማው» አሏት። «ታዲያ ትናንት ዶሮውን ስበላ ታውቁ ነበር?» «አዎ፣ እናውቅ ነበር።» ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ያ ዝምታ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም፤ ማዘግየትም ዋጋ እንዳለው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ሽማግሌው ግን ቀኑን አልነኩትም። ያዘገዩት መስማቷን ነው፤ ማዘግየታቸውንም ፊቷ ቆመው አመኑ። የሆውካይ ምሕረት ይህ ይጎድለዋል፤ እስከመጨረሻው ካልተደበቀ ምሕረት መሆኑ ይቀራል። አልፈርድበትም። የጦር ሠራዊት የሞት ወሬ በዓል ይለፍ አይልም፤ ተመካክሮ በር የሚያንኳኳ ዘመድም በመካከል የለም። ያ ሐኪም በእጁ የነበረው የግድግዳ ሰዓት ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ቆጣሪው ሲገፋ ያ ምሽት ራሱ ከመዝገብ ጠፋ። ሦስት ሰዎች በዓላቸውን ትተው፣ ከተስፋ ሁሉ በኋላ፣ ስለ ልጆቹ ብለው አባታቸው አጠገብ ማምሸታቸውን ልጆቹ አያውቁም፤ እንዲያውቁ ከተፈለገ ሞቱ በገና ሌሊት እንደነበረም መነገር አለበትና። እኔ ለነዚያ ልጆች የምመርጥላቸው ይህን ማወቅ ነው፤ ቀኑ 25 ቢሆንም።