የመጀመሪያው ሌሊት ማደሪያ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።

ታኅሣሥ ሲጋመስ፥ እህሉ ከአውድማ ወደ ጎተራ ሲገባ፥ ከደሃና፥ ከሰቆጣ፥ ከዝቋላና ከጋዝጊብላ የተነሡ ምእመናን በትራቸውን ይዘው፥ ስንቃቸውን በስልቻ ቋጥረው ወደ ቅዱስ ላሊበላ ደጅ መጓዝ ይጀምራሉ። መንገዱ የእግር መንገድ ነው፤ ዐቀበቱና ቁልቁለቱ ቀናትን ይፈጃል። ጊዜው ጾመ ነቢያት ስለ ሆነ ስንቁ በሶ፥ ቆሎና ድርቆሽ ነው፤ የደጋው ሌሊትም ብርድ ነው። አንዳንዶቹ በብልባላ ያሉትን አብያተ ክርስቲያናትና በዋሻ ውስጥ የታነጸውን ይምርሐነ ክርስቶስን ተሳልመው ያልፋሉ። ታኅሣሥ 29 ቀን፥ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28 ቀን፥ ካህናቱ በቤተ ማርያም ከላይና ከታች ቆመው ቤዛ ኩሉን ሲያዜሙ ያየ ሁሉ የበዓሉን ክብር ይመሰክራልና እኛ ዛሬ ስለ እርሱ አንጽፍም። የምንጽፈው ከቤት ወጥተው ስለሚያድሩበት ስለ መጀመሪያው ሌሊት ማደሪያ ነው።

ነገሩ ለሚሰማው ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን በየዓመቱ በተሳላሚዎች መካከል ክርክር ያስነሣል። አንዳንዶቹ፥ ወደ እግዚአብሔር ቤት የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ሰው ልኮ ማደሪያ ቢያሲዝ እምነቱ ጎድሎአል፤ የመሸበት እንግዳ ብሎ መግባት የአባቶች ሥርዓት ነው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ፥ ሕፃንና አሮጊት ይዞ በጨለማ ደጅ መምታት እግዚአብሔርን መፈታተን ነው ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች ስለ እግዚአብሔር ተቈርቍረው የሚናገሩ ስለ ሆነ መልሱን ከመጽሐፍ መፈለግ ይገባናል።

ጌታችን በመጨረሻ ጊዜ ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዝ፥ ሰዎች ቀድመው ሄደው በአንድ የሳምራውያን መንደር ማደሪያ እንዲያሰናዱለት ልኮ እንደ ነበር ወንጌላዊው ሉቃስ ጽፎአል (ሉቃ. 9፥52)። ለፋሲካውም እራት ጴጥሮስንና ዮሐንስን አስቀድሞ ልኮአቸዋል፤ የቤቱን ምልክት እንኳ ነግሮአቸዋል (ሉቃ. 22፥8–12)። ሰማይና ምድር የእርሱ ሲሆኑ ቤት አስቀድሞ ማሰናዳትን እንደ ነውር አልቆጠረውም። ሐዋርያው ጳውሎስ ደግሞ ገና በእስራት ሳለ፥ የሚፈታበትም ቀን ሳይታወቅ፥ ወደ ፊልሞና ሲጽፍ ማደሪያ እንዲያዘጋጅለት ለመነው (ፊልሞና 22)። እንግዲህ በእርሱ ዘንድ ማደሪያ ማስያዝ የተስፋ ሥራ ነበር፤ ቤት ያስያዘው እግዚአብሔር እንደሚያወጣው ስላመነ ነውና። ስለዚህ አስቀድሞ መላክ የእምነት ጉድለት ነው የሚለው ቃል ከመጽሐፍ ድጋፍ አያገኝም።

ይልቁንም መላክ ለአስተናጋጁ ምሕረት ነው። አንድ ሰው ሲመጣ እንግዳ ነው፤ አርባ ሰው በአንድ ምሽት ሲመጣ ግን ለመንደሩ ከባድ ሸክም ይሆናል። የቤቱ እመቤት ሌማቷን ከፍታ ታያለች፤ ያለው እንጀራ ለልጆቿ የሚበቃ ነው። ሊጥ በአንድ ምሽት አይቦካም፤ ቀናትን ይፈልጋል። እርግጥ ነው ሣራ ለሦስቱ እንግዶች ፈጥና እንጎቻ ጋግራለች፤ የእኛም እናቶች በችኮላ ቂጣ ይጋግራሉ። ነገር ግን ከሦስት ቀን በፊት በገበያ መንገደኛ በኩል ቃል ቢደርሳት፥ ይህች ሴት ሳታፍር በሙሉ ሌማት ትቀበል ነበር። የደሃ አስተናጋጅን ኀፍረት ያላየ ሰው ይህን ነገር ቀላል ያደርገዋል። በአገራችን ለእንግዳ የሚሰጠው ያጣ ባለቤት የሚሰማው ሐዘን ከራሱ ረኃብ ይበልጣል። ዋግም ዝናብ የሚያጥረው አገር ነው። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ሕዝቡ ወደ ኮረም ፈልሶአል፤ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት ብዙ ሰው ከቀየው ተፈናቅሎአል። በዚህ አገር ደጅ የሚመታ ተሳላሚ ከበሩ በስተኋላ ምን እንዳለ ማሰብ አለበት።

የመጀመሪያው ሌሊት ከሌሎቹ ሌሊቶች የሚለይበት ሌላ ምክንያት አለ። ቅድስት ድንግል ማርያምና ዮሴፍ ከበዓለ ፋሲካ ሲመለሱ፥ ሕፃኑ ኢየሱስ ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሎአቸው የአንድ ቀን መንገድ ተጉዘው እንደ ነበር እናውቃለን (ሉቃ. 2፥44)። ቀኑን ሙሉ አልታወቀም፤ ከአንድ ቀን ጉዞ በኋላ በዘመዶችና በወዳጆች መካከል ሲፈልጉት ግን አልተገኘም። ዕዝራም ከባቢሎን የሚመለሰውን ሕዝብ በወንዝ ዳር ሰብስቦ ሦስት ቀን ካሳደረ በኋላ ቢመለከት፥ ከሌዋውያን ወገን አንድ ስንኳ አላገኘም (ዕዝ. 8፥15)። እነርሱን ልኮ እስኪያስመጣ ድረስ ጉዞው ቆመ። እንግዲህ የመጀመሪያው ማደሪያ ሰው የሚቈጠርበት ቦታ ነው። ማን እንደ ቀረ፥ ማን እንዳነከሰ፥ ማን ስንቅ ሳይዝ በኀፍረት ዝም ብሎ እንደ ተከተለ የሚታወቀው በዚያ ምሽት ነው። ያን ሌሊት ጉዞው ተበታትኖ በየጎጆው ካደረ፥ ወይም እየመሸ እንኳ እልፍ እንበል እያለ ከገሠገሠ፥ የጠፋው ሳይታወቅ ይነጋል። ለዚህም ነው የመጀመሪያው ቀን መንገድ አጭር እንዲሆን፥ ማደሪያውም አስቀድሞ የታወቀ እንዲሆን የምንመክረው። ጎልማሳው ገና ጉልበቱ ሳይደክም ወደ ፊት ወደ ፊት ይላል፤ ጉዞውን መለካት የሚገባው ግን በአሮጊቷ እርምጃ ነው።

የእስራኤልም ልጆች ከግብፅ ወጥተው ከራምሴ ሲነሡ መጀመሪያ የሰፈሩት ሱኮት በተባለው ቦታ ነው (ዘጸ. 12፥37፤ ዘኍ. 33፥5)። የስሙ ትርጓሜ ዳሶች ማለት ነው። ባሕሩ የተከፈለበት ቦታ አይደለም፤ መናም ገና አልወረደም። ሆኖም ትውልዱ ሁሉ አባቶቻቸው በዳስ እንዳደሩ እንዲያስታውስ በዓለ መጸለት ታዘዘ (ዘሌ. 23፥43)። እግዚአብሔር ያን የቅጠል ጣራ እንዳልረሳው ከዚህ እንረዳለን።

ማደሪያ ተልኮበትም ቢከለከል ምን ይደረጋል? ከላይ የጠቀስነው የሳምራውያን መንደር ጌታን አልተቀበለውም። ያዕቆብና ዮሐንስ ተቈጥተው እሳት ከሰማይ ይውረድ ሲሉ እርሱ ገሠጻቸው፤ ከዚያም ወደ ሌላ መንደር ሄዱ (ሉቃ. 9፥54–56)። ይህ ታሪክ ለተሳላሚ ሁሉ የተጻፈ ይመስለናል። ደጅ የተዘጋበት ተሳላሚ ቀላሉ ነገር መራገም ነው፤ ከዚያም በሚቀጥለው መንደር ተቀምጦ የዚያ አገር ሰው ጨካኝ ነው፥ እንግዳ አይቀበልም እያለ ማውራት ነው። አባቶቻችን በአብርሃም ታሪክ ትርጓሜ የሚያስተምሩትን እዚህ ላይ እናስታውስ። ሰይጣን በአብርሃም እንግዳ ተቀባይነት ቀንቶ፥ ተደብድቦ እንደ ቈሰለ ሰው ራሱን አስመስሎ በመንገድ ዳር ተቀመጠ፤ ለሚያልፈውም ሁሉ አብርሃም ዱሮ ደግ ነበር፥ ዛሬ ግን ክፉ ሆኖአል፥ መትቶ ገፍፎ ሰደደኝ አለ። መንገደኛውም ሰምቶ በሌላ መንገድ ሄደ። አብርሃም እንግዳ አጥቶ ሦስት ቀን ሳይበላ ከቆየ በኋላ ሥላሴ በመምሬ ዛፍ ሥር ወደ እርሱ መጡ፤ ይህንም ሐምሌ 7 ቀን እናከብራለን። ታሪኩን ስንሰማ ሁላችንም ራሳችንን በአብርሃም ስፍራ እናስቀምጣለን። ነገር ግን በመንገድ ዳር ተቀምጦ የሰውን ቤት ስም የሚያጠፋ ተሳላሚ የተቀመጠው በማን ስፍራ ነው? በአንድ ሌሊት የተዘጋ አንድ በር መንደሩን ሁሉ ለዘመናት ያስነቅፋል፤ የበሩ ባለቤት ደግሞ ምናልባት በዚያ ምሽት የታመመ ልጅ ያቅፍ ነበር።

በሩ የሚዘጋው በክፋት ብቻ እንዳልሆነም ማወቅ ያስፈልጋል። ከጦርነት በኋላ ሰው ሰውን ይፈራል፤ የተሳላሚ ነጠላ የለበሰ ሁሉም ተሳላሚ አይደለም። ስለዚህ ከየደብሩ የሚነሡ ምእመናን የአጥቢያቸውን ማኅተም የያዘ ደብዳቤ ቢይዙ መልካም ነው እንላለን። ይህም አዲስ ነገር አይደለም፤ ቅዱስ ጳውሎስ ፌቤንን ወደ ሮሜ ምእመናን ሲያስተላልፍ እንዲቀበሏት ጽፎላታል (ሮሜ 16፥1–2)። በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ የተቋቋመው ሰበካ ጉባኤም ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። የተነሺው አጥቢያ ለመጀመሪያው ማደሪያ አጥቢያ የሰዉን ቍጥር፥ ከእነርሱም ስንቱ ሴቶች ስንቱ ሽማግሌዎች እንደ ሆኑ አስቀድሞ ቢያስታውቅ፥ እንግዶቹን በየቤቱ ማከፋፈል ይቻላል፤ የተረፈው ወንዱ በደጀ ሰላም ቢያድር አይከፋም። ዛሬ በአውሮፕላንና በመኪና የሚመጣው ምእመን በላሊበላ የሆቴል አልጋ ከወራት በፊት ያስይዛል፤ ከደሃና በእግሩ የሚመጣው ግን አንድ ቁርበት የሚነጠፍለት መደብ እንኳ በስሙ የለውም። ቄሰ ገበዙ ስልክ ካለው አንድ ጥሪ ይበቃል፤ ስልክ በማይሠራበትም ቦታ አንድ ዲያቆን በዋዜማው ቀድሞ ቢሄድ ጉዳዩ ያልቃል።

ቤተ ክርስቲያን ተሳላሚን ማሳደርን እንደ ራሷ ሥራ የያዘችው ከጥንት ነው። ትምህርተ ሐዋርያት የተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ፥ በጌታ ስም የሚመጣውን መንገደኛ መቀበልን ያዝዛል፤ ነገር ግን እንግድነቱ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን እንዳያልፍ ይወስናል። ቅዱስ ባስልዮስ በቂሣርያ ለድኆች፥ ለሕሙማንና ለእንግዶች ትልቅ ማረፊያ አሠርቶ ነበር። የእኛም ነገሥታትና መኳንንት በኢየሩሳሌም ቤት እየገዙ ለመነኮሳትና ለተሳላሚዎች መጠለያ አድርገዋል፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ያስጀመሩት፥ ዐፄ ምኒልክ ያስፈጸሙት ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትም እስከ ዛሬ የሀገራችን ተሳላሚ የሚሰበሰብበት ነው። በሮም ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ ያለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ከ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ማረፊያ ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን እዚያ ተቀምጠው በ1548 እና በ1549፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፥ የግዕዝ ሐዲስ ኪዳንን አሳትመዋል። ለደከመ እግር የተነጠፈች አልጋ ለእኛ መጽሐፍ ወለደችልን። በእስጳንያም ወደ ቅዱስ ያዕቆብ መቃብር በእግር ለሚሄዱት፥ የፒሬኔን ተራራ እንደ ተሻገሩ ሮንሰቫል በተባለው ስፍራ ከ12ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ማደሪያ ተሠርቶላቸዋል፤ ከባዱ ዐቀበት በመጀመሪያው ቀን ስለሚገጥማቸው ብዙዎቹ ዛሬ ያን አልጋ አስቀድመው ያስይዛሉ። ስለ ይምርሐነ ክርስቶስ ደግሞ ብዙ መናገር አያስፈልግም። በዋሻው ውስጥ ከቤተ መቅደሱ በስተኋላ የተከማቸው አፅም ከሩቅ አገር መጥተው በዚያው የቀሩ ተሳላሚዎች እንደ ሆነ በትውፊት ይነገራል።

ስለ ዋጋ ጥቂት እንጨምር። ቸሩ ሳምራዊ ለእንግዶች ማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጥቶአል (ሉቃ. 10፥35)፤ ስለዚህ ማሳደር ሥራው ለሆነ ሰው መክፈል ተገቢ ነው። የገበሬው ቤት ግን ከተሳላሚ ገንዘብ አይቀበልም፤ ብር ቢዘረጉለት እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። ይሁን እንጂ ባዶ እጅ መግባት አይገባም። ቡና፥ ጨው ወይም ሻማ ይዞ መግባት፥ ከራስ ስንቅ ከፍቶ ከቤቱ ልጆች ጋር አብሮ መቅመስ፥ ጠዋትም ውሃ ቀድቶ እንጨት ሰብሮ መውጣት የሚከለክል የለም። ሐዋርያው ጴጥሮስ አስተናጋጁን ያለ ማንጐራጐር እንዲቀበል አዝዞታል (1ኛ ጴጥ. 4፥9)፤ እንግዳውም የማንጐራጐር ምክንያት እንዳይሆን ይጠንቀቅ።

በምሽቱ ባለቤቲቱ በገበቴ ለብ ያለ ውሃ ይዛ የእንግዶቹን እግር ለማጠብ ስትመጣ፥ አንዳንድ ተሳላሚ በትሕትና ብዛት እግሩን ይሰበስባል። እንዲህ አይደረግ። ጴጥሮስም እንዲህ ብሎ ምን እንደ ተመለሰለት ይታወቃል (ዮሐ. 13፥8)፤ የቅዱሳንን እግር ማጠብ በሐዋርያው ዘንድ ለመበለቶች ከተቈጠሩት መልካም ሥራዎች አንዱ ነው (1ኛ ጢሞ. 5፥10)። ይህች ሴት ከብቶቿንና ሕፃኖቿን ትታ ላሊበላ መሄድ አትችልም። የበዓሉ ድርሻዋ በዚያ ገበቴ ውስጥ ነው።

ሲነጋም ጧፍና ዕጣን፥ አንዳንድ ጊዜም የተሳለችውን ጥቂት ብር በጨርቅ ቋጥራ ለተሳላሚው ትሰጠዋለች፤ የሚጸለይላቸውንም ሰዎች ስመ ክርስትና ትነግረዋለች። ወደ ላሊበላ ሲሄዱ የመጀመሪያ የሆነው ቤት ሲመለሱ የመጨረሻው ማደሪያ ነው፤ ስለዚህ ተሳላሚው ለእርሷ የሚሆን ጠበልና እመት በትንሽ ዕቃ ለይቶ ይያዝ፤ ቤቱ ሲደርስም ከእግሩ መታጠብ በፊት አውጥቶ ያስረክባት።