ጥላ መያዝ ከሐጅ ምንዳ አይቀንስም

 

አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ከሐጅ በተመለሱ ሰሞን "እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ" ልንላቸው ቤታቸው ተሰብስበን ነበር። ዘምዘም ቀምሰን፣ ተምር ቀርቦልን የዐረፋን ነገር ያጫውቱን ጀመር። "ትልቁ ልጄ የሰጠኝን ጃንጥላ እንደታሰረ መልሼ አመጣሁት" አሉን በኩራት። "አላህ ቤት የሄድኩት ልደክም እንጂ ልደላደል አይደለም። ከዙህር በኋላ ፀሐዩ ላይ ቆሜ ዱዓ ሳደርግ ትዝ ይለኛል፤ ከዚያ ወዲያ የማውቀው ሰዎች ውሃ ሲያፈሱብኝ ነው።" የተሰበሰበው ሰው በአንድ ድምፅ "ማሻአላህ! ምን ያለ ኢማን ነው!" አለ። እኔም አብሬ አልኩ። ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ለመሆኑ ያደነቅነው ምኑን ነው? ኢማናቸውን ነው ወይስ ለሞት መቃረባቸውን?

የመካ ሙቀት የሚናቅ አይደለም። በ1445 ዓመተ ሒጅራ ሐጅ፣ ሰኔ 10 ቀን 2016 ዓ.ም. በታላቁ መስጊድ የተመዘገበው ሙቀት 51.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። በዚያ ሐጅ 1,301 ሰዎች መሞታቸውን የሳዑዲ ዐረቢያ መንግሥት ራሱ አስታውቋል። ከመቶው 83ቱ የሐጅ ፈቃድ ያልነበራቸው፣ ያለ መጠለያና ያለ እረፍት ረዥም መንገድ በፀሐይ የተጓዙ ነበሩ። አላህ ይዘንላቸው፤ ጀነትን ይወፍቃቸው። ለሟቾቹ ዱዓ ማድረግ ግዴታችን ነው። ከአሟሟታቸው ትምህርት መውሰድም እንዲሁ።

እንግዲህ ዲናችን በዚህ ላይ ምን ይላል? ኢማም ቡኻሪ ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኹጥባ በማድረግ ላይ ሳሉ አንድ ሰው ቆሞ ያያሉ። ማን እንደሆነ ቢጠይቁ አቡ ኢስራኢል እንደሚባል፣ ላይቀመጥ፣ ጥላ ላይጠለል፣ ሰው ላያናግርና ሊጾም የተሳለ መሆኑን ይነግሯቸዋል። ነቢዩም ይናገር፣ ይጠለል፣ ይቀመጥ፣ ጾሙን ግን ይጨርስ ብለው አዘዙ። ልብ በሉ! ጾሙ ዒባዳ በመሆኑ ጸደቀለት። ፀሐይ ላይ መገተሩ ግን ዒባዳ ስላልሆነ ተከለከለ። የኛ ሽማግሌ የተመኩበት ነገር ከ1,400 ዓመት በፊት መልስ አግኝቷል ማለት ነው።

ይህ ብቻ አይደለም። በጉዞ ላይ ሙአዚኑ ለዙህር ሊያዝን ሲነሳ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በተደጋጋሚ ቀኑ እስኪበርድ እንዲያቆይ አዘዋል። ሶላት እንኳ ለሙቀት ብላ ትቆያለች! ነቢዩ ራሳቸውም በስንብቱ ሐጅ ጠጠር ሊወረውሩ ሲሄዱ ቢላልና ኡሳማ (ረ.ዐ) አብረዋቸው ነበሩ። አንደኛቸው የግመሏን ልጓም ሲይዙ ሌላኛቸው ጨርቅ ዘርግተው ከሙቀት እንዳጠለሉባቸው ኢማም ሙስሊም ዘግበዋል። የአላህ መልእክተኛ በጥላ ሥር ሐጅ ካደረጉ ጃንጥላ አልይዝም የምንለው እኛ ማን ነን?

"ምንዳ በድካም ልክ ነው የሚል ሐዲስ የለም ወይ?" የሚል ወንድም ይኖራል። አዎን፣ አለ። ዑለማዎች እንዳስረዱት ግን ምንዳ የሚያስገኘው ከዒባዳው ጋር አብሮ የሚመጣው ድካም ነው፤ ሰው ፈልጎ በራሱ ላይ የሚያመጣው አይደለም። ጠዋፉ ያደክማል፣ ሰዕዩ ያደክማል፤ ይህ ይበቃል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አል-በቀራ 195ኛው አያ ራሳችንን ወደ ጥፋት እንዳንጥል ከልክሎናል። አካላችን አማና ነው።

የሕክምናው ጉዳይም ከዚህ ጋር ይስማማል። የሰውነታችን ሙቀት 37 ዲግሪ ገደማ ነው። የአየሩ ሙቀት ከዚህ እጅግ ሲያልፍ አየሩ እኛን ማቀዝቀዙ ቀርቶ ያሞቀናል። ያኔ የሚታደገን ላብ ነው፤ ላብ የሚሆነው ደግሞ የጠጣነው ውሃ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ የኖረ ሰው ሰውነቱ ሙቀት እስኪለምድ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈጅበታል። በዕድሜ የገፋ ሰው ጥማቱ ቶሎ አይሰማውም። ለደም ግፊት ተብለው ከሚሰጡ ኪኒኖች አንዳንዶቹ ሽንት ስለሚያበዙ የሰውነትን ውሃ ይቀንሳሉ። ስለዚህ እናት አባቱን የሚልክ ልጅ የአውሮፕላን ቲኬቱን ከመቁረጡ በፊት ሐኪም ያማክርላቸው። ያለ ፈቃድ በአቋራጭ እንወስዳቸዋለን ከሚሉ ደላሎችም ይጠብቃቸው። ድንኳን የሌለው ሐጃጅ በዚያ ፀሐይ ማን አለው?

እዚያ የደረሰ ደግሞ ሳይጠማው ውሃ ይጠጣ፤ ብዙ ካላበው ኦ.አር.ኤስ በጥብጦ ይውሰድ። ወንድ ሐጃጅ በኢሕራም ላይ ሳለ ኮፍያ ባያደርግም ጃንጥላና የድንኳን ጥላ አብዛኞቹ ዑለማዎች የፈቀዱት ነው። ጠጠር ውርወራውንም ዑለማዎችን ጠይቆ ፀሐይዋ ስትበርድ ማድረግ፣ አቅም ያጣም ሌላ ሰው መወከል ይችላል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ሲጀምር ወዲያው ጥላ ፈልጎ ማረፍ ነው። ንግግሩ የተምታታ ወይም ራሱን የሳተ ሰው ግን ሞት አፋፍ ላይ ነው። ፈጥኖ ሐኪም መጥራት፣ ወደ ጥላ ማስገባት፣ ገላውን በውሃ እያራሱ ማራገብ፣ አንገቱና ብብቱ ላይ በረዶ ማድረግ ይገባል። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ በአፉ ማንቆርቆር አይገባም፤ ያንቀዋል።

ሐጅ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ከብርቱው ሙቀት ወራት በመውጣት ላይ ነው። ዑምራ ግን በሰኔም በሐምሌም ይኬዳል፤ ሙቀቱም ተመልሶ ይመጣል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ሽማግሌው ተመልሼ "አባባ፣ ቅር እንዳይሉኝ" ብዬ የአቡ ኢስራኢልን ሐዲስ ነገርኳቸው። ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብተው ያንን ጃንጥላ እንደታሰረ ይዘውልኝ መጡ። "ልጄ፣ ለዑምራ የሚሄድ ሰው ስታገኝ ስጥልኝ። ደግሞ አጥብቀህ ንገረው፤ ይዘርጋው!" አሉኝ።

አላህ ከዲናችን ገሩን የምንቀበል፣ አማናችንን የምንጠብቅ ባሮቹ ያድርገን። አሚን! ወላሁ አዕለም።