«የናቁት ያስረግዛል» እና ሆዱን ይዞ የተቀመጠው ጫኝ አውራጅ

ድሬዳዋ ላይ ስፖርት መሥራት የፈለገ ሰው ፀሐይን መቅደም አለበት። ረፋድ አራት ሰዓት ካለፈ ወለሉ እንኳን ለባዶ እግር ለጫማም አይመችም። እኔ ለጥቂት ዓመታት የተመላለስኩባት፣ ሳቢያን ውስጥ ያለች የቴኳንዶ ማሠልጠኛም ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተከፍታ ሁለት ሰዓት ሲሆን ትዘጋ ነበር። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፤ ወለሉ ላይ ከየቤቱ የተዋጣ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ግድግዳው ላይ ጥጉ የተሰበረ መስታወት ተሰቅሏል። አሠልጣኙ በኮሪያኛ ይቆጥራል፤ «ሃና፣ ዱል፣ ሴት፣ ኔት…» አዲስ ልጆች ሦስት ላይ ሲደርሱ ይስቃሉ። አሠልጣኙ ሁልጊዜ ይቆጣል፤ እነሱም ሁልጊዜ ይስቃሉ።

አንድ ቀን ቀፊራ ገበያ ኩንታል እንደ ትራስ የሚያነሣ ጫኝ አውራጅ መጣ። በሩን በጎኑ ነው የገባው ብል ትንሽ አጋነንኩ፤ ብዙ ግን አላጋነንኩም። አሠልጣኙ ለሙከራ ያህል ከአንዲት ባለቢጫ ቀበቶ ልጅ ጋር አቆመው። ልጅቷ ደረቱ ላይ አትደርስም፤ ከነልብሷ ሃምሳ ኪሎ የምትሞላ አልመሰለኝም። ሰውዬው እጁን እንኳን አላነሣም። ወደ ጓደኞቹ ዞሮ «አቦ፣ ይቺን ነው የምመታው?» አለ። ዞር ባለበት ልጅቷ በጎን እርግጫ የቀኝ ጎድኑ ሥር፣ ጉበቱ ያለበት ላይ አሳረፈችበት። የጉበት ምት ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ወዲያው አይጥልም። ሰውዬው የረሳውን ነገር እንደሚያስታውስ ሁሉ ለአንድ አፍታ ቆመ። ከዚያ ጉልበቱ ታጠፈ፤ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ ቀስ ብሎ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። የልጅ ልጃቸውን ሊያደርሱ የመጡ አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ እንደቆሙ «የናቁት ያስረግዛል!» አሉ። ሰውዬው ሆዱን እንደያዘ ነው። አዳራሹ አውካካ።

ተረቱ ሲሟላ «የናቁት ወንድ ያስረግዛል» ነው። ጨዋ ሰው መሀል ሲገባ ወንዱ ይቀርና ሁለት ቃል ብቻ ይተርፋል። በሁለቱ ቃላት ውስጥ ግን ሙሉ ታሪክ አለ። አንዲት ሴት አለች፤ ከቁም ነገር የማትቆጥረው አንድ ወንድ አለ። የተፈራው፣ የተወራለት ጎረምሳ ቢሆን ኖሮ በሯን ትቀረቅር፣ እናቷ አጠገብ ትተኛ ነበር። ለዚህኛው ግን «ይሄ ደግሞ ምን ያመጣል» አለች። ያመጣውን ዘጠኝ ወር ተሸከመችው።

ብዙዎቻችን ተረቱን ለትንሽ ሰው ማጽናኛ አድርገነዋል። «አይዞህ፣ ቁመት ምን ያደርጋል፤ የናቁት ያስረግዛል» ይባላል። እኔ አጭር ስለሆንኩ ብዙ ጊዜ ተብሎልኛል። ግን ቃሉን መለስ ብላችሁ እዩት፤ ስለ ተናቂው ጉልበት አንዲት ፊደል የለበትም። ብርቱ ነው አይልም፤ ብልህ ነው አይልም፤ ሠልጥኗል አይልም። የሚያወራው ስለ ናቂው ነው። በሩን የከፈተችው ናቂዋ ናት፤ እጁን ያወረደው የቀፊራው ሰው ነው።

ለድሬ ሰው ይህን ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ነው። ደቻቱን ያውቃል። ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ያንከባልሉበታል፣ ነጋዴ ሸራ ይዘረጋበታል፤ ወንዝ ብሎ ለመጥራት ያሳፍራል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ሌሊት፣ ከደጋው የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። አሁን ሰማዩ ከደጋው፣ ከደንገጎ በኩል ሲጠቁር ዓይኑን ወደ አሸዋው የማይወረውር የድሬ ሰው አላውቅም።

ተረቱ ግን እዚህ ላይ ያቆማል። ከዚያ በኋላ ያለውን የነገረኝ ያው ጫኝ አውራጅ ነው፤ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ።

አልሳቀም። ግራ እጁን ዘርግቶ እንደ አጥር ከፊቱ አቆመው፤ ቀኝ ክርኑን ጎድኑ ላይ ለጠፈ። ልጅቷ በግራ ሞከረች፣ በቀኝ ሞከረች፤ እግሯ ሳይደርስ መዳፉ ትከሻዋ ላይ ይደርሳል። አንዴ እንደምንም አሳረፈችበት፤ ክርኑ ላይ ስለነበር የተጎዳው የራሷ የእግር ጣት ሆነ። በመጨረሻ ገፋ አደረጋት። አልመታትም፤ ገፋት ብቻ። ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ተንደርድራ መስታወቱ ሥር ቁጭ አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። አሠልጣኙ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ፣ «ያኔ ንቆሽ ነበር፤ ዛሬ አከበረሽ» አላት። «ከሚያከብርሽ ትልቅ ሰው ጋር አትጋጠሚ።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ ተረቱ ለእኔ ተቀየረ። የትልቁ ሰው ንቀት የትንሹ ገንዘብ ነው፤ ግን አንዴ ከመነዘሩት አለቀ።

የፍልሚያ ስፖርት ይህን ስለሚያውቅ ነው ተፋላሚን ሚዛን ላይ የሚያወጣው። ሰለሞን ቱፋ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በቴኳንዶ ሲሰለፍ ምድቡ 58 ኪሎ ነበር። ከሱ በላይ 68፣ ከዚያ 80፣ ከዚያ ደግሞ ከ80 በላይ የሆኑት አሉ፤ ማንም ከማንም አይደባለቅም። ሕዝብ ፊት፣ ዳኛ ፊት፣ ለዓመታት ከተዘጋጀ ሰው ጋር ስትቆም የሚንቅህ የለም፤ ንቀት ሲወጣ የሚቀረው ክንድና ኪሎ ነው። በነገራችን ላይ ውድድር ሲቃረብ የኛ ልጆች ኪሎ ለመቀነስ እራት ይዘሉ ነበር፤ በዚያ ሙቀት ላይ ጃኬት ደርበው ይሮጣሉ፣ ምራቃቸውን ሳይቀር ይተፋሉ። ስለ ቁመት አትጨነቁ የሚባሉት ልጆች፣ ሁሉም የትንሾች ትልቅ ለመሆን ሲታገሉ ማየት ያስቃል።

ከሁሉ በላይ ተረታችንን የፈተነው ጁዶ ይመስለኛል። ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 ጁዶን ሲመሠርት ራሱ ትንሽ ሰው ነበር። መርሑም ልስላሴ ጥንካሬን ይጥላል፣ የገፋህን ሰው ሳበው፣ የሳበህን ግፋው የሚል ነው። ጃፓኖች ይህን ስላመኑ የዓለም ሻምፒዮና ሲጀመር የክብደት ምድብ እንኳን አልነበረም። በ1961 ፓሪስ ላይ አንቶን ጊሲንክ የሚባል 1 ሜትር ከ98 የሚረዝም ሆላንዳዊ ዋንጫውን ወሰደ። በ1964 ጁዶ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲገባ ምድብ ተሠራለት፤ ጃፓኖች ሦስቱን ወርቅ ወሰዱ። ኪሎ የማይጠየቅበት አራተኛው ቀረ፤ እዚያ ላይ ጊሲንክ አኪዮ ካሚናጋን በገዛ አገሩ፣ በገዛ ሕዝቡ ፊት መሬት ላይ አጣብቆ አሸነፈው። ሆላንዶች ደስታቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ወደ ምንጣፉ ሊሮጡ ሲሉ ጊሲንክ እጁን አንሥቶ አስቆማቸው። እኔን የሚያስፈራኝ ኪሎው ሳይሆን ይህ እጅ ነው። ያ ግዙፍ ሰው የጃፓኖቹን ጥበብ ከእነሱው ተምሮ፣ እንደነሱ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶ፣ ሳይንቅ ነው የገባው። እንዲህ ላለው ሰው ተረታችን መልስ የለውም።

በተቃራኒው በኩል ያለውም ምስክር ቢሆን ከታሪኩ አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ1993 ዴንቨር ላይ የኪሎ ገደብ በሌለው ውድድር ሮይስ ግሬሲ የሚባል ቀጭን ብራዚላዊ በአንድ ምሽት ሦስት ሰው አሸነፈ። ያን ጊዜ መሬት ላይ ተኝቶ መታገልን ከቁም ነገር የሚቆጥር ጥቂት ነበር። ጥቂት ዓመት ሳይሞላ ሁሉም ተማረው፤ በ1997 ያ ውድድር ራሱ የክብደት ምድብ አበጀ። ንቀቱ ተመንዝሮ አለቀ ማለት ነው።

የኛን ዘመን ልጆች ያሳሳተን ቪዲዮ ቤት ነው። ብሩስ ሊ 2 ሜትር ከ18 የሚረዝመውን ከሪም አብዱል ጀባርን ሲጥል አይተን በእንጨት ወንበር ላይ ጨፍረናል። ከሪም የራሱ የብሩስ ሊ ተማሪ እንደነበር፣ ድብድቡንም ያዘጋጀው ያው ብሩስ ሊ እንደነበር ማን ነገረን!

ይህን ስል ለትንሽ ሰው ምንም የለም ማለቴ አይደለም። ምት የሚጎዳው በክብደትም በፍጥነትም ነው፤ ክብደት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል፣ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግን አራት እጥፍ። ደግሞ ስፖርት የማያፋፋው አካል አለ፤ ዓይን ጡንቻ አያወጣም፣ ጉሮሮ አይደነድንም። ጣልያን ከማኪያቶው ጋር ትቶልን የሄደው ቴስታም አለ፤ የአጭር ሰው ግንባር ለረጅም ሰው አገጭ የተለካ ነው። ግን ቴስታ የመታ ሰው ያውቃል፤ ሁለተኛው ቴስታ የለም። የተመታው ሰው አገጩን ሸሽጎ ነው የሚመለሰው።

ስለዚህ ራስን መከላከል ከውድድር የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለተኛ ዙር አያስፈልገውም። ጨለማ ላይ የተያዘች ልጅ ማሸነፍ አያስፈልጋትም፤ መንገድ ነው የሚያስፈልጋት። የያዛት ሰው «ይቺ ደግሞ ምን ታመጣለች» ብሎ እጁ የላላባትን ያችን ቅጽበት ተጠቅማ፣ አንዴ መትታ፣ ጮኻ፣ ሰው ወዳለበት መሮጥ ነው። የወንድ ልጆች ጥያቄ ሁልጊዜ «ከዚያስ?» የሚል ነበር። ከዚያማ የለም። «ፈሪ ለእናቱ» የሚለው ስድብ ሳይሆን ምክር መሆኑን ማንም አላስተማረንም ነበር። ሕጉም ቢሆን ከዚያ በላይ አይፈቅድም፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከል የሚለው አደጋውን ለመመለስ የሚበቃውንና ከአደጋው ጋር የሚመጣጠነውን ነው። የወደቀውን ሰው ተመልሶ መርገጥ ሌላ አንቀጽ ነው።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ተረቱ ውስጥ በመጨረሻ ተጎጂዋ ሴቷ ናት፤ ጥፋቱም የሷ ሆኖ ይነገራል፣ ለምን ናቀችው ተብሎ። ያን ጠዋት ግን ሽማግሌው ተረቱን ሲገለብጡት ሆዱን የያዘው ወንድ ነበር፤ የተናቀችው ልጅ ቆማ ነበር። ሳትስቅ እግሯን ወደ ቦታዋ መልሳ፣ እጇን እንዳነሣች። ከሦስት ወር ትምህርት በኋላ ባገኙት ቢጫ ቀበቶ ሠፈር ለሚያስጨንቁት ወንዶቻችን፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ለሚባልላቸው፣ ያን አቋቋም ባሳያቸው እላለሁ።

እኔ ራሴ ያን ቀበቶ አልፌ ሄጃለሁ። ባለፈው ሰሞን ከቀፊራ በባጃጅ ስመለስ፣ የተስማማንበትን ሒሳብ ሾፌሩ ስወርድ እጥፍ አደረገው። ሰውዬው ባጃጇ ውስጥ እንዴት እንደገባ ፈጣሪ ይወቀው፤ ትከሻው በግራም በቀኝም ተርፏል። መሽቷል፤ መንገዱ ጭር ብሏል። «አቦ፣ በሃምሳ ነው የተነጋገርነው» አልኩት። ሞተሩን አጠፋ። ዞሮ ከጫማዬ እስከ አናቴ በጸጥታ አየኝ፤ እጄ የት እንዳለ፣ እግሬ እንዴት እንደቆመ ሳይቀር ያየ መሰለኝ። ፊቱ ላይ ፈገግታ ፈለግሁ፤ ትንሽ ንቀት ባገኝ ክርክሩን እቀጥል ነበር። የለም። መቶ ብሩን ሰጠሁትና «ደህና እደር» ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ።