በምርቃት ቀን ስለሚደረብ ልብስ

ሰው በሚመረቅበት ቀን ምን ደርቦ መውጣት ይገባዋል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ እንኳን ለመጽሐፍ ለጨዋታም የሚበቃ አይመስልም። ነገር ግን በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚኖሩ ወጣቶች ምርቃታቸው በተቃረበ ቁጥር በዚህ ጥያቄ እንቅልፍ ሲያጡ ይታያሉ። እንቅልፍ የሚነሣቸውም ጨርቁ ብቻ አይደለም፤ ከጨርቁ በስተኋላ የወላጅ ኪስ፣ የጓደኛ ዓይንና የራስ ክብር ተሰልፈው ቆመዋል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ መርምሮ ማየት ሳይጠቅም አይቀርም።

አስቀድመን አገሩን እንመልከት። እነዚህ ሦስት ከተሞች አዲስ አበባን እንደ መቀነት ከከበቧት መካከል ናቸው፤ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲቋቋም በእርሱ ሥር ተጠቃለዋል። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ በገፈርሳ ውኃ አቅጣጫ፣ ሱሉልታ ደግሞ በጎጃም መንገድ ከእንጦጦ ጀርባ ይገኛሉ። ምርቃት አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው በሰኔና በሐምሌ ስለ ሆነ ወራቱ ክረምት ነው። የሱሉልታ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው የማለዳው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ተመራቂውም ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ፣ ጭቃውን እየዘለለ፣ ታክሲ ተጋፍቶ፣ እንጦጦን ተሻግሮ በአዲሱ ገበያ በኩል መውረድ አለበት። እንግዲህ ኮት ወይም ካፖርት ለእርሱ ጌጥ ብቻ አይደለም። ብርድ ለሚመታው ሰው «ልብስ ምን ያደርጋል?» ብሎ ማስተማር ጥጋብ ነው።

ክርክሩ የሚነሣው ከሙቀት የበለጠ ነገር ስንፈልግ ነው። አንዱ ወጣት እንዲህ ያስባል፦ «ይህ ቀን በዕድሜዬ አንድ ጊዜ የሚመጣ ነው፤ ፎቶግራፉም በቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖራል፤ ስለዚህ ተበድሬም ቢሆን ከሁሉ የሚበልጠውን እለብሳለሁ።» ሌላው ደግሞ በዚህ ይስቅና «ሰው በአእምሮው እንጂ በልብሱ አይመዘንም፤ እኔ በዚህችው በተቀደደች ጃኬቴ እሄዳለሁ» ይላል። የመጀመሪያውን ሰው ሁሉ ይነቅፈዋል። ሁለተኛውን ግን ብዙ ሰው እንደ ፈላስፋ ያየዋልና እስቲ በእርሱ ላይ ጥቂት እንቆይ።

በጥንት ዘመን በአቴና ከተማ አንቲስቴንስ የሚባል የሶቅራጥስ ወዳጅ ነበረ። ይህ ሰው የካባውን ቀዳዳ ሰው እንዲያይለት ወደ ውጭ እያዞረ ይለብስ ነበር ይባላል። ሶቅራጥስም ይህን ባየ ጊዜ በካባው ቀዳዳ ውስጥ ለታይታ ያለው ፍቅር ወለል ብሎ እንደሚታየው ነገረው። ትዕቢት በሐር ውስጥ ብቻ የሚያድር ይመስለናል፤ በቡትቶም ውስጥ ተመቻችቶ ያድራል። በተቀደደ ጃኬት የሚሄደው ተመራቂ አጥቶ እንደ ሆነ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ነገር ግን መርፌና ክር በቤቱ እያለ ቀዳዳውን ለጥበብ ምልክት ያቆየው እንደ ሆነ፣ ተበድሮ ከለበሰው ጓደኛው የሚለየው ወጪው በመቅለሉ ብቻ ነው።

በሰበታ ብዙ ዘመን ያስቆጠረ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ። እስቲ አንድ ዓይነ ስውር ተመራቂ ኮቱን አስተኩሶ የሚለብሰው ስለ ምንድን ነው ብለን እንጠይቅ። መስተዋት አያይም፤ ፎቶግራፉንም አያይም። ልብስ የሚያምረው ለባለቤቱ ዓይን ብቻ ቢሆን ኖሮ ለእርሱ ማናቸውም ጨርቅ አንድ በሆነበት ነበር። እርሱ ግን የጨርቁን ልስላሴ በጣቱ ያውቀዋል፤ ኮሌታውን ዳስሶ ያቃናል፤ ጭቃ ነክቶት እንደ ሆነ አጠገቡ ያለውን ሰው ይጠይቃል። ይህን ሁሉ የሚደክመው ከፊቱ ለሚቀመጡት ሰዎች ሲል ነው። እንደዚህ ስናየው በበዓል ቀን መልበስ ከሰላምታ ወገን ይሆናል። ሰላምታ ደግሞ ለሰጪው ሳይሆን ለተቀባዩ የሚደረግ ነገር ነው።

አባቶቻችን ይህን በደንብ ያውቁት ነበር። ሰው በታላቅ ፊት ሲቀርብ ሸማውን አደግድጎ ይቆማል፤ ኀዘን የደረሰበት ሰው የነጠላውን ጥለት ወደ ላይ አዙሮ ይለብሳል፤ የሚያየውም ሰው ሳይጠይቅ ነገሩን ይረዳል። ልብሱ ያው ነው፤ የተለወጠው አለባበሱ ነው። ለዚህ ደግሞ ገንዘብ አያስፈልግም። አንድ ሸማ ለለቅሶም፣ ለችሎትም፣ ለሠርግም ያገለገለው የያዘው ሰው አለባበሱን ስለሚያውቅበት ነው። የዛሬው ወጣት አምሮ መታየትን ከሱቅ የሚገዛ ነገር አድርጎ ሲያስበው ሳይ ይህ እውቀት የጠፋብን ይመስለኛል። የተተኮሰ አሮጌ ኮት ካልተተኮሰ አዲስ ኮት ይበልጣል፤ ቁልፉ የተሟላ ርካሽ ኮት ቁልፉ ከወለቀ ውድ ኮት ይበልጣል።

አሁን ደግሞ ወደ ገዋኑ እንምጣ። ይህ ሰፊ ጥቁር ቀሚስ ወደ እኛ የመጣው ከዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት ጋራ ነው፤ ይኸውም በ1943 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በአዲስ አበባ ከተከፈተ ወዲህ ማለት ነው። በአውሮፓ ግን ሥሩ ወደ መካከለኛው ዘመን ይደርሳል። በዚያን ጊዜ መምህራኑና ተማሪዎቹ አብዛኞቹ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ስለ ነበሩ ረጅም ልብስ የዘወትር ልብሳቸው ነበር፤ በቀዝቃዛው የድንጋይ አዳራሽ ውስጥም ከብርድ ይጠብቃቸው ነበር። ስለዚህ ገዋን በትውልዱ የተማሪ የብርድ ልብስ ነው ለማለት ይቻላል። የእኛም የቆሎ ተማሪ ከበግ ቆዳ የተሠራ ደበሎ ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከደብር ወደ ደብር ሲዞር ኖሯል። ደበሎና ገዋን ወንድማማች ናቸው ብል አትሳቁብኝ፤ ሁለቱም ለሚማር ሰው ከብርድ መጠለያ ሆነው የተጀመሩ ናቸውና።

ገዋኑ አንድ ሌላ ትምህርት አለው። ብዙ ጊዜ የኪራይ ወይም የውሰት ነው፤ በማግስቱ ይመለሳል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረት እንግዲህ በዚያ ቀን ምን ይሁን? አዳራሹን የሞላው ተመራቂ ሁሉ በሰው ልብስ ደምቆ ተቀምጧል፤ ዋሸ የሚለውም የለም። ምክንያቱም ውሰቱ የተገለጠ ነው። ስለዚህ ከአጎት ወይም ከጎረቤት ኮት ተውሶ መልበስ ሐሰት ነው ብዬ አልፈርድም። ሐሰት የሚሆነው የተዋስነውን የራሳችን እንደ ሆነ አድርገን ስናወራለት፣ ወይም ንጹሕ አድርገን ሳንመልስ ስንቀር ነው። እንዲያውም የጎረቤቱን ኮት የለበሰ ልጅ የመንደሩን እጅ ይዞ የሄደ ያህል ነው፤ ጎረቤትየውም በፎቶግራፉ ውስጥ ድርሻ አለው።

ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ግን የኮቱን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ነው። ራሱ ሠርቶ ያጠራቀመ ልጅ ያማረ ኮት ቢገዛ ምን ነውር አለበት? ነገር ግን እናቱ በጉልት ተቀምጣ ካመጣችው ገንዘብ፣ ወይም አባቱ በፋብሪካ በር ሌሊቱን ቆሞ ከጠበቀበት ደመወዝ ተቀንሶ የሚገዛ ኮት ሲሆን፣ የታናሽ እኅት ደብተርና ጫማም አብሮ ይቀነሳል። «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» የተባለው ለዚህ ነው። በምርቃት ቀን ደግሞ አንድ የታወቀ ልማድ አለ። ፎቶግራፍ ሲነሡ ብዙ ተመራቂዎች ቆቡንና ገዋኑን አውልቀው ለእናታቸው ወይም ለአባታቸው ያለብሳሉ። በበዓሉ ሁሉ በገዋኑ ሥር ተሸፍኖ የዋለው ኮት ለዓይን የሚገለጠው በዚያች ጥቂት ጊዜ ነው። በዚያች ጊዜ ልጁ በአዲስ ሱፍ አብረቅርቆ፣ አጠገቡ የቆመችው እናት ግን ጫፉ በተበላ ነጠላ ላይ ገዋን ደርባ ብትታይ፣ ያን ፎቶግራፍ ከዓመታት በኋላ ያለ ኀፍረት ማየት የሚቻል አይመስለኝም። ለኮት የተመደበው ገንዘብ ለሁለት ተከፍሎ ለእርሷ ነጠላ ቢገዛበት ሁለቱም ያምራሉ።

ይህን ስል የጓደኛን ኮት እያዩ መፍረድን እያስተማርሁ እንዳይመስላችሁ። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የፋሽን ትርኢት በተዘጋጀ ጊዜ ተማሪዎች በተቃውሞ ተነሥተው ነበር። ሕዝቡ ተርቦና ታርዞ ሳለ የባዕድ ልብስ ማሳየት ምን ይባላል የሚለው ጥያቄያቸው ከባድ ነበር፤ ዛሬም አልቀለለም። ነገር ግን ነገሩ ትርኢቱን ለማየት የመጡ ሰዎችን እስከ መስደብና እስከ ማንገላታት ደረሰ፤ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ። ስለ ልብስ የተነሣ እውነተኛ ጥያቄ በለባሹ ላይ ሲወርድ እንዲህ ይበላሻል። ሰው ሊመረምር የሚገባው የራሱን ኮትና የራሱን ኪስ ነው።

እንግዲህ ወደ ገበያ እንሂድ። በዓለም ገና በኩል በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው አይካ አዲስ የሚባለው ፋብሪካ ለጀርመን ገበያ ልብስ ሲሰፋ እንደ ነበር የሰበታ ሰው ያውቃል። በዚያው ጊዜ የሰበታ ልጅ ኮት የሚያማርጠው አውሮፓ ለብሳ ከጣለችው ከልባሽ ልብስ፣ ሰልቫጅ ከምንለው ክምር ውስጥ ነበር። ልባሽ ልብስ ለንግድ ማስገባት በሕግ ሲከለከል ኖሯል፤ ይሁን እንጂ በድንበር በኩል መግባቱ አልቀረም። ለመከልከሉ ምክንያት አለው፤ የአገር ሸማኔና ልብስ ሰፊ በርካሽ አሮጌ ልብስ ከገበያ ይወጣልና። በብርድ የተያዘውን ገዢ ግን ከኮንትሮባንድ ነጋዴው ጋራ አንድ አድርጌ አልቈጥረውም። የሚችል ሰው ከመንደሩ ልብስ ሰፊ ያሰፋ፤ ገንዘቡም ሥራውም በዚያው ይቀራል። የማይችል አሮጌ ቢገዛ ገበሩን ገልብጦ ይይ፤ የብብቱን ስፌት ይመርምር፤ ትከሻው ልክ መሆኑን ያረጋግጥ። እጅጌ በቀላሉ ያጥራል፤ ወገብም ይጠባል፤ የትከሻን ልክ ግን ማስተካከል ለልብስ ሰፊውም አስቸጋሪ ነው።

ወፍራም ካፖርት ከገዋን በታች ስለማይመች ለዚያ ቀን ብሎ መግዛት ትርፉ ላብ ነው። ለመንገዱ ብርድ ከቤት ያለው ጋቢ ይበቃል፤ በበሩ ላይ አጣጥፎ ለታናሽ ወንድም ማስያዝ ነው። ቀለሙ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ግራጫ የሆነ እንደ ሆነ ለሥራ ፈተናም፣ ለለቅሶም፣ ለሠርግም ይሆናል። ልብስ ሰፊው ዘንድ መሄድ ያለበት ሰኔ ሳይገባ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመረቁት ሁሉ ተሰልፈው ይገኛሉ። እጅጌውን ሲያሳጥር ትርፉን ጨርቅ እንዳይቈርጠው፣ ወደ ውስጥ አጥፎ እንዲሰፋው ንገሩት፤ የታናሽ ወንድም ክንድ ሊረዝም ይችላል።