ስለ ድንጋይ ሽበትና ስለ ፍጡር ጉድለት

ዝናምና ፀሐይ እየተፈራረቁበት ዘመናትን ባሳለፈ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ላይ አመድማና ቢጫ ሆኖ የሚለጠፈውን ፍጥረት አባቶቻችን የድንጋይ ሽበት አሉት፤ ስሙ ያማረ ነው፤ ሆኖም ሽበት የአንድ ራስ ሲሆን ይህ ፍጥረት የሁለት ነው።

ይህን የገለጠው የስዊስ ተወላጅ የዕፅዋት ሊቅ ሲሞን ሽቬንድነር ነው። እርሱ በ1867 ዓ.ም. (በፈረንጆች አቈጣጠር) አንድ ተክል ሲባል የኖረው ነገር ፈንገስና አልጌ ተጣምረው የሚኖሩበት አካል መሆኑን ቢያስታውቅ ከዘመኑ ሊቃውንት ብዙዎቹ አልተቀበሉትም፤ እርሱም ራሱ ኅብረቱን ሲተረጕም ፈንገሱን በጌታ፣ በክሮቹ መረብ የተያዙትን አልጌዎች በባሮች መሰላቸው። በ1879 ግን ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ ሲምባዮሲስ፣ ማለት አብሮ መኖር፣ የሚለውን ቃል ለዚህ ነገር ሰጠ።

ፈንገስ ከብርሃን ምግብ ማዘጋጀት አይሆንለትም፤ አልጌ ይሆንለታል፤ ነገር ግን በተራቈተ ዐለት ላይ የቀትር ፀሐይ ቢያገኘው ይደርቃል። ስለዚህ ፈንገሱ ክሩን ፈትሎ መጠለያ ይሆነዋል፣ ጠሉንም ይይዝለታል፤ አልጌውም ከብርሃን ያበጀውን ስኳር ያካፍለዋል። በበጋ ሲነኩት የሚፈረፈረው ያ ቅርፊት ውኃ ሲያገኝ በጥቂት ደቂቃ የሚለመልመው በዚህ ኅብረት ነው።

በዐጸዱ ውስጥ በቆሙት ጽድና ወይራ ሥርም ሌላ እንዲህ ያለ ውል አለ። ከጠጕር የቀጠኑ የፈንገስ ክሮች ወደ ሥሩ ሕዋሳት ገብተው፣ ሥሩ ከማይደርስበት አፈር ፎስፎረስን እያመጡ፣ ቅጠሉ ከፀሐይ ያበጀውን ስኳር ይቀበላሉ፤ በስኮትላንድ ራይኒ በተባለ ስፍራ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ በሆነው ድንጋይ ውስጥም ይኸው ኅብረት ተቀርጾ ተገኝቷል።

በወጣትነቴ ጉድለት ሁሉ የበደል ቅጣት ይመስለኝ ነበር፤ ሰውም ንጹሕ ቢሆን ኖሮ ማንንም ባልፈለገ ነበር ብዬ አምን ነበር። አሁን ግን አዳም ከዕፀ በለስ ሳይቀምስ፣ ገና በገነት በጸጋ ሳለ፣ ረዳት እንዳስፈለገው ሳስብ፣ ሌላውን መሻት ከውድቀት በኋላ የመጣ ደዌ ሳይሆን አስቀድሞ በፍጡር ባሕርይ የተጻፈ ሆኖ አገኘዋለሁ። ምንም የማይሻ፣ በራሱ ምሉዕ የሆነ፣ መለኮት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ማንንም አልሻም የሚል ፍጡር የእርሱ ያልሆነውን ክብር ይመኛል።

የሽቬንድነር ምሳሌ ግን እስከ ዛሬ ያስጨንቀኛል። ከአልጌዎቹ አንዳንዶቹ ከኅብረቱ ውጭም ይኖራሉ፤ ፈንገሶቹ ግን አብዛኞቹ በዱር ብቻቸውን አይገኙም፤ እንግዲህ ያለ ሌላው መቆም የማይችለው ያ ጌታ የተባለው ነው። ፈንገሱም ሆነ አልጌው ነጻ ፈቃድ ስለሌላቸው ፍቅርንም ግፍንም አያውቁም፤ ጌትነትንና ባርነትን ወደዚያ ቅርፊት ያስገባነው እኛ ነን፣ ከራሳችን ታሪክ ወስደን።

ከቅዳሴ በኋላ በዚያ ቅጽር አጠገብ ስቀመጥ አንዳንድ ጊዜ መዳፌን በድንጋዩ ላይ አሳርፋለሁ፤ ማለዳ ከሆነና ጠል ከወረደበት ሽበቱ ይለሰልሳል፣ አረንጓዴውም ከአመዱ ሥር ብቅ ይላል።